የ«አንድ ጎማ» ተሽከርካሪ ገዢዎችን ስም ዝርዝር ስለ መጠየቅ

ለክቡር አቶ መኳንንት
የ«ፈጣን እግር» የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎች መደብር ባለቤት፣ የአካባቢያችን አንድ ጎማ ሻጮች ማኅበር ሊቀመንበር እና የእድራችን ዳኛ
ቀራንዮ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ጤናዎ እንዴት ነው? በተለይ አፍንጫዎ ወደ ቦታው ተመልሶ እንደሆነ፣ የጎደሉት ሁለት የፊት ጥርሶችዎም በደንብ ተተክተውልዎት እንደሆነ ለማወቅ እጓጓለሁ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ፊደሎቼ እንዲህ ተንጋደው የሚያዩዋቸው እርስዎን ከመናቅ እንዳልሆነ ይረዱልኝ ዘንድ እለምናለሁ፤ የቀኝ እጄን ሁለት ጣቶች በጫማዎ ረግጠው ስለሰበሩልኝ የምጽፈው በግራዬ ነው።

ይህን ደብዳቤ በፖስታ አሽጌ በመደብርዎ በር መስደድ በተገባኝ ነበር። ነገር ግን በዚያ በር የገባ አቤቱታ ሁሉ መጀመሪያ የሚያገኘው የዘበኛዎን ዱላ ስለሆነ፣ በእድሩ ማስታወቂያ ሰሌዳ፣ በታክሲ ፌርማታው እና በሰፈራችን የቴሌግራም ገጽ ላይ ማውጣቱን መርጫለሁ። እርስዎ ባያነቡት እንኳ ሊያነቡት የሚገባቸው ሌሎች ሰዎች አሉ።

ለማያውቁን አንባቢዎች ማን እንደሆንን ልናገር። እኔ ሰይፈዲን እባላለሁ። ቆሼ አጠገብ ባለች አንዲት የቆርቆሮ ቤት ውስጥ፣ ከቆሻሻው ተለቅመው የሚመጡ ያረጁ ኮምፒውተሮችንና ስልኮችን እየፈታሁ የሚረባውን ከማይረባው እለያለሁ። ባለቤቴ ፋሪዳ ነርስ ናት፤ ሐኪም ቤት መሄድ ያቃታቸውን በየቤታቸው እየዞረች ቁስል ታጥባለች፣ መርፌ ትወጋለች። ከቀራንዮ እስከ ሳንሱሲ ድረስ በየቀኑ የሚጠብቋት ሰዎች ነበሩ። የታክሲው ሰልፍ ግን የስኳር ሕመምተኛ የመርፌ ሰዓት አለው ብሎ አያጥርም። ስለዚህ ከሁለት እግር መሐል የምትገባውን፣ መሪም መቀመጫም የሌላትን፣ በባትሪ የምትሄደውን «አንድ ጎማ» የምንላትን መጓጓዣ ልንገዛ አሰብን። ፋሪዳ በቀሚሷ ሥር ሱሪ አጥልቃ፣ ሂጃቧን አጥብቃ አስራ፣ መድኃኒቷን በጀርባዋ አዝላ በሁለት ሳምንት ውስጥ ተለማመደቻት። ሕፃናቱ «ነርሷ በረረች» እያሉ ይከተሏት ነበር። እንግዲህ ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ምስጋናዎቼን በየተራ ላቅርብ።

አንደኛ፣ ስለ ምክርዎ አመሰግናለሁ። ወደ እርስዎ ከመምጣታችን በፊት ባሕር ማዶ ካለች ሊን ከምትባል ሻጭ ጋር በስልክ ተጻጽፈን እንደነበር ያስታውሳሉ፤ መልእክቷንም አሳይተንዎት ነበር። ያቺ ሴት ለንግድ የተፈጠረች አትመስልም። የፋሪዳን ክብደት ጠየቀች። መንገዱ አስፋልት ነው ወይስ ድንጋይ አለችን። ባትሪው በአውሮፕላን ስለማይጫን በመርከብ በጅቡቲ በኩል ከሦስት ወር በፊት እንደማይደርስ ሳትደብቅ ነገረችን። በመጨረሻም በአቅራቢያችሁ ባትሪ የሚያውቅ ባለሙያ ከሌለ ባትገዙ ይሻላል ብላ ጻፈችልን። ገዢዋን አትግዛ የምትል ነጋዴ አይተው ያውቃሉ? እርስዎ ይህን ሲያነቡ እንባዎ እስኪፈስ ድረስ ሳቁ። ከዚያም እጅዎን በትከሻዬ ላይ ጣል አድርገው፣ ቢበላሽ ቻይና ድረስ ሄደህ ነው አቤት የምትለው፣ እኔ እዚሁ ከበርህ አርባ እርምጃ ላይ አለሁልህ፣ ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል አሉኝ። እውነትዎን ነው። ሊን ዘንድ ሄጄ ቢሆን ኖሮ ጣቴን ለመስበር በመርከብ ሦስት ወር ይፈጅባት ነበር።

ሁለተኛ፣ ስለ ባትሪው አመሰግናለሁ። እዚህ ላይ ስለ ራሴ ሥራ ትንሽ ላስረዳ፤ አንባቢዎቼ ነገሩ የሚገባቸው ከዚህ ነውና። ከአሮጌ ላፕቶፕ ውስጥ ጣት የሚያህሉ የባትሪ ፍሬዎች ይወጣሉ። ገና የሚሠሩትን ለጠጋኞች እሸጣለሁ። ያበጡትን፣ የሚያልባቸውን፣ ቻርጅ ሲደረጉ የሚግሉትን ግን ማንም ተሳስቶ እንዳይጠቀምባቸው ቂጣቸው ላይ በቀይ የጥፍር ቀለም ነጥብ አደርግባቸዋለሁ። ቀለሙ የፋሪዳ ነው። ለሠርጋችን የገዛችው ነበር፤ ነርስ ጥፍሯን አትቀባምና ከዚያ ወዲህ ሳይነካ ተቀምጦ ስለነበር እኔ ወረስኩት። እነዚህን ባለ ቀይ ነጥቦች ገረሱ የሚባል ሰው፣ ውጭ አገር ተልከው ይቀልጣሉ ብሎ በኪሎ ይወስዳቸዋል። ቀይ ያለበት ሰው ይገድላል ብዬ ሦስት ጊዜ ነግሬዋለሁ። ገረሱ የእርስዎ ባትሪ ገጣሚ መሆኑን ግን ማንም አልነገረኝም ነበር።

ከእርስዎ የገዛናት አንድ ጎማ በሠራች በስድስተኛው ሳምንት፣ በታኅሣሥ አጋማሽ በአንድ ማክሰኞ ከቀትር በኋላ፣ ፋሪዳ ሳንሱሲ የአቶ ገሜዳን የእግር ቁስል አጥባ ስትመለስ ከመድኃኔዓለም በላይ ካለው ቁልቁለት ላይ ከእግሮቿ መሐል ፉጨት ሰማች። ቀጥሎ ጭስ ወጣ። ከዚያ ነጭ እሳት ወጣና ቀሚሷን ይዞ ወደ ላይ ሄደ። ወድቃ ስትንከባለል የባትሪው ፍሬዎች አንድ በአንድ እየፈነዱ እንደ ጥይት ይበሩ ነበር፤ አንዱ የሱቅ መስኮት ሰበረ፣ አንዱ የአንዲት ሴት መንጋጋ ላይ ገባ። አንድ ደግ ሰው ባልዲ ውሃ ቢደፋባት እሳቱ ባሰበት። ያተረፏት መንገድ ዳር የነበሩት የኮብልስቶን ሠራተኞች ናቸው፤ በአካፋ አሸዋ እያፈሱ ከወገቧ በታች በቁሟ ቀበሯት። ሐኪም ቤት ስንደርስ ሱሪዋን ሊያወልቁላት ሲሞክሩ ሱሪውና ቆዳዋ አብረው መጡ። የስንት ሰው ቁስል ያጠበች እጅ አልጋውን ጨምድዳ ይዛ ሌላ ሰው ቁስሏን ሲያጥብላት በር ላይ ቆሜ አየሁ። ያን ቀን ሰው መግደል እንዴት ያለ ቀላል ነገር እንደሆነ ገባኝ። ይህንንም ዕውቀት ያገኘሁት ከእርስዎ ነውና ባለውለታዬ ነዎት።

ወደ ቱቦው በተፈናጠረው የባትሪው ግማሽ ላይ የባዕድ ፊደል የተጻፈበት ሰማያዊ ላስቲክ ተጠቅልሎ ነበር። ስቀደው የራሴን ሥራ አገኘሁት። ቀይ፣ ቀይ፣ ቀይ። በገዛ እጄ፣ በገዛ ሚስቴ የሠርግ ቀለም የቀባኋቸው ናቸው።

ሦስተኛ፣ በመደብርዎ ስላደረጉልኝ መስተንግዶ አመሰግናለሁ። በሦስተኛው ቀን ያንን ግማሽ ባትሪ በፌስታል ይዤ መጣሁ። ለጠብ አልመጣሁም። የጠየቅሁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ይህንን ባትሪ የያዙ ጎማዎች ለማን ለማን እንደተሸጡ ስማቸውን ይስጡኝ አልኩ። ሐሳቡ የእኔ እንኳ አልነበረም። ፋሪዳ በሦስተኛው ቀን አፏ ሲፈታ በመጀመሪያ የጠየቀችኝ ስለ እግሯ አይደለም፤ ሌሎቹ ስንት ናቸው ነው ያለችኝ። እርስዎ ግን የደንበኛ ስም የንግድ ምስጢር ነው አሉኝ። ባትሪዎቼ ሁሉ ታሽገው ከውጭ የመጡ ናቸው፣ አምኜባቸው ለገዛ ልጄ ለሳምሪ እንኳ አንዱን ሰጥቻለሁ አሉ። ከዚያ ዘበኛዎን ዘርዓብሩክን ዓይንዎን ጠቅሰው ጠሩ። ዘርዓብሩክ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው፤ የመጀመሪያው ዱላ ጆሮዬ ላይ፣ ሁለተኛው ትከሻዬ ላይ፣ ሦስተኛው ጉልበቴ ላይ አረፈ። ፌስታሉን አልለቅም ብዬ መሬት ላይ ስይዝ እርስዎ ራስዎ ከወንበርዎ ተነስተው ጣቶቼን እንደ ሲጋራ በተረከዝዎ አሹልኝ። የአጥንቱን ድምፅ ሁለታችንም ሰምተነዋል።

ከዚያ በኋላ የተደረገውን አልክድም። ከወደቅሁበት አጠገብ የተፈታ የጎማ ፔዳል ነበር፤ በግራ እጄ አንስቼ ፊትዎን ሁለት ጊዜ መታሁ። ደምዎ በነጭ ሸሚዝዎ ላይ፣ ካርቶኖቹ ላይ፣ «ሙሉ ዋስትና» በሚለው ጽሑፍ ላይ ተረጨ። ሦስተኛውን ደንበኞችዎ እጄን ስለያዙኝ ልጨርሰው አልቻልኩም፤ ስለ ጉድለቴ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ለሁለቱ ጥርሶች ፍርድ ቤት ቀጥሮኛል፤ ቀርቤ አዎ መትቻለሁ እላለሁ። ለፖሊስ የከሰስኩት የባትሪው ጉዳይ ደግሞ በምርመራ ላይ ነው ተብያለሁ። ምርመራው ሲያልቅ ይለቅ፣ ቻርጅ የሚደረግ ባትሪ ግን መዝገብ እስኪዘጋ አይጠብቅም።

አራተኛ፣ ስለ ገረሱ ያቀረቡት ማስተባበያ አሳቀኝ፤ እንደ ማሽላ እያረሩ መሳቅ ማለት እንደዚህ መሆኑንም አወቅሁ። ገረሱ ባትሪ ከመግጠሙ በፊት ዘጠኝ ዓመት ሉካንዳ ቤት ሥጋ ቆራጭ ስለነበር፣ ቀዩን ነጥብ ሲያይ የተመረመረ ሥጋ ላይ የሚመታው ማኅተም መስሎት፣ ያለፈ ነው ብሎ ለይቶ ለይቶ የገጠመው ባለ ቀዩን ነው ይባላል። ሊሆን ይችላል። ገረሱን አውቀዋለሁና አላደረገውም ብዬ አልምልም። ግን ክቡርነትዎ ሥጋ ገዝተው ያውቃሉና ልጠይቅዎ፤ ማኅተም ያለው ሥጋ ከጥንብ በታች በኪሎ የሚሸጠው በየትኛው ሉካንዳ ነው? ገረሱ ቢሳሳት የሚያዋጣዎትን ስሕተት ነው የተሳሳተው። ደግሞም ከፋሪዳ ቃጠሎ በኋላ ቀዩ ምን ማለት እንደሆነ ሁለታችሁም አውቃችኋል፤ መደብሩ ግን አንድ ቀን እንኳ ተዘግቶ አልዋለም።

አምስተኛ፣ ሽማግሌ ስለ ላኩብኝ አመሰግናለሁ። ባለፈው እሑድ ሦስት አባቶች በሬን አንኳኩ። ከመሐላቸው አንዱ አቶ ገሜዳ ነበሩ፤ ፋሪዳ ከወደቀች ወዲህ የእግራቸውን ቁስል የሚያጥብላቸው ጠፍቶ፣ ዝንብ እየተከተላቸው፣ በምርኩዝ እየተንፏቀቁ ነው የመጡት። ሽማግሌ ሲመጣ መቀመጥ፣ ሲናገር ዝም ማለት ግዴታ ነውና ተቀምጬ ዝም አልኩ። ክሱን እንድተው፣ ነገሩን ለእድሩ ሰላም ስል ሆድ ይፍጀው እንድል ለመኑኝ። ለካሣም አዲስ አንድ ጎማ ልከዋል፤ በሪባን ታስራ፣ ከባሕር ማዶ በቀጥታ የመጣች፣ ገረሱ ያልነካት ናት ተባለ። ለፋሪዳ ነው አሉ። ፋሪዳ የምትቆምበት ቀኝ እግር ይኑራት አይኑራት ገና ሐኪሞቹ አልወሰኑም።

እኔም የሽማግሌዎቹን ጉልበት ስሜ አንድ ፈቃድ ጠየቅሁ፤ ስጦታውን በፊታቸው ልክፈት አልኩ። ብሎኑን የሚፈታ ጣት ስላልነበረኝ መጥረቢያ አመጣሁ። በግራ እጄ ሽፋኑን ጠርዝ ጠርዙን እየመታሁ ስሰነጥቀው አባቶቹ ወደ ግድግዳው ተጠጉ። እውነቱን ለመናገር እያንዳንዱን ምት የመታሁት በአእምሮዬ ራስዎ ላይ ነበር። እጄ እስኪዝል መታሁ፤ ሪባኑ ተቆራረጠ፣ ፕላስቲኩ በግቢው ተበተነ፣ በመጨረሻ ያ ሰማያዊ ላስቲክ ብቅ አለ። ከስልሳ አራቱ ፍሬዎች አርባ አንዱ ቀይ ነበሩ። አቶ ገሜዳ ጎንበስ ብለው አንዱን ነጥብ በጥፍራቸው ፋቅ አደረጉት። እኔ ሽማግሌ ነኝ እንጂ የሬሳ ሣጥን አዟሪ አይደለሁም ብለው ምርኩዛቸውን አንስተው ወጡ። ሌሎቹም ተከተሏቸው። እርቁ እንዲህ ሳይፈጸም ቀረ።

ክቡር ሆይ፣ ካሣ አልፈልግም። ጥርስዎን አስተክለው፣ «ሙሉ ዋስትና» የሚለውን ጽሑፍዎን በግድግዳ ሰቅለው፣ በእድሩ ወንበር ተቀምጠው ዕድሜ ልክዎን ይኑሩ። እኔ የምፈልገው የስም ዝርዝር ነው። ለገረሱ የሸጥኩለት ሁለት ጆንያ ነው፤ ሁለት ጆንያ ከሃያ የማያንሱ ጎማዎችን ይሞላል። አንዷ ሚስቴን አቃጠለች፣ አንዷን እኔ ፈለጥኳት። የቀሩት ዛሬም በዚሁ በኮልፌ በሰው እግር መሐል እየሄዱ፣ ማታ ደግሞ ሕፃናት በተኙበት ክፍል ቻርጅ ላይ ተሰክተው ያድራሉ።

አንባቢዎች ይህንን ሁሉ በእርስዎ ላይ ጭኜ ራሴን ንጹሕ ማድረጌ እንዳይመስላቸው። ቀዩን ነጥብ ካደረግሁ በኋላ ለምን ሸጥኩት? መቅበር እችል ነበር። ይቀልጣል ሲሉኝ ያመንኩት ማመኑ ስለተመቸኝ ነው። የቀባ ሰው ኃላፊነቱን የተወጣ መስሎኝ ነበር። ይህንን ለፋሪዳ ነግሬያታለሁ። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ስለዚህ ከእርስዎ ጋር በአንድ ገመድ የምንንጠለጠል ሰዎች ነን፤ ልዩነታችን እኔ ገመዱን ማየቴ ብቻ ነው።

ከ«ፈጣን እግር» መደብር የገዛችሁ ወገኖቼ ሆይ፣ ቆሼ አጠገብ ያለችው ቆርቆሮ ቤቴ ከማለዳ ጀምሮ ክፍት ናት። ጎማችሁን ሳትሳፈሩ እየገፋችሁ አምጡ፤ ያለ ክፍያ ከፍቼ አሳያችኋለሁ። እስከዚያው ግን ቤት ውስጥ ቻርጅ አታድርጉ፤ ብትጨስ አሸዋ እንጂ ውሃ አትድፉባት። ይህንን ምክር የሰጠችኝ ሊን ናት። አንዲት ብሎን እንኳ ሳልገዛት፣ ሚስቴ ተቃጠለች ብዬ ስጽፍላት በዚያው ቀን ሥዕል ጨምራ መለሰችልኝ። አርባ እርምጃ ላይ ያሉት ጎረቤቴ የላኩልኝ ዱላ ነው።

ላሳዩኝ ጉርብትና፣ ለአሳቢነትዎና ለሪባኑ ያለኝን ምስጋና እየገለጽኩ፣ አፍንጫዎ እንዲድን፣ ሚዛንዎ እንዲቀና፣ እንቅልፍዎ ግን ዝርዝሩን እስኪሰጡኝ ድረስ ከዓይንዎ እንዲርቅ እየጸለይኩ፣ አንድ ጎማ የገዛሁበትን ደረሰኝ፣ የተሰበሩትን ሁለት ጣቶቼን እና የባለቤቴን ቀኝ እግር በአባሪነት በማያያዝ፣

ሁልጊዜም አርባ እርምጃ ላይ የምገኘው ጎረቤትዎ፣
ሰይፈዲን፣ የቀይ ነጥቦቹ ቀቢ
ቀራንዮ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ ልለጥፍ ዛሬ ጠዋት ወደ ፌርማታው ስወርድ ልጅዎ ሳምሪ በአንድ ጎማዋ ወደ ኮሌጅ ስትሄድ አየኋት። ሁለት ጊዜ ጠራኋት፤ በጆሮዋ ሙዚቃ ስለነበር አልሰማችኝም። ሮጬ በቦርሳዋ ይዤ መሬት ላይ ጣልኳት። ክርኗ ተላጠ፤ ተነስታም በጥፊ አጮለችኝ፤ እጇ ከእርስዎ ይከብዳል። ነገሩን ነግሬ ከኪሴ መፍቻ አውጥቼ ሰጠኋትና አራቱን ብሎኖች ራሷ ፈታቻቸው፤ ላስቲኩን ራሷ ቀደደችው፤ ቀዮቹን ራሷ ቆጠረቻቸው፤ ሃምሳ ሁለት ሆኑ። ዳሰስ ስታደርጋቸው ይግሉ ነበር። አባዬ ያውቃል ወይ ብላ ጠየቀችኝ፤ መልሱን ለእርስዎ ትቼዋለሁ። ባትሪውን አሸዋ ውስጥ ቀብሬ እሷን ታክሲ ላይ አሳፍሬያታለሁና ዝርዝሩን ሲልኩልኝ የእሷን ስም መጻፍ አይጠበቅብዎትም። የቀሩት የሌላ ሰው ልጆች ናቸው።